ዘይትና ሽቦ

ጉም በር ውስጥ ባልና ሚስት በልጃቸው ነገር ሲነታረኩ፣ ወይም ሁለት ወንድማማቾች አንዲትን ቤት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ላቅና ሲል፣ ከዳር የቆመ አንድ ሰው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አንዲት ተረት ጣል ያደርጋል። እንግዳ ሰው ተረቲቱ ስለ በቅሎ ወይም ስለ ጥማድ በሬ የተነገረች ይመስለዋል። የተነገረችው ስለ ብስክሌት ነው። ዕድሜዋም ገና ለጋ ነው፤ መጀመሪያ ከአፏ ያወጣቻት ሴት ዛሬም በሕይወት አለች፤ ስትተረት መስማት ግን አትወድም።

ጉም በር ከወሎ አምባዎች በአንዱ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከሥሯ፣ ቆላው ሲጀምር፣ ሾላ ሜዳ አለች። የመኪናው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ እግረኛው ግን በአቋራጩ ቁልቁል ይንደረደራል። በአቋራጩ ግራና ቀኝ መንደሮች ተሰካክተዋል፤ በእነዚያ መንደሮች ላም ሲያምጣት ወይም በሬ ሲያነክስ የምትጠራው የከብት ሐኪም ሉባባ ይማም ነበረች።

ሉባባ አባቷን ያጣችው በሕፃንነቷ ነው። እናቷ ስንዱ ሌላ ባል አላገባችም። ልጅቱን ከስንዱ ጋር ያሳደጓት ሁለት አጎቶቿ ናቸው፤ የአባቷ ወንድም እንድሪስ፣ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሰ፣ ጉም በር የሚኖር፤ የእናቷ ወንድም አራጋው ደግሞ ሾላ ሜዳ ብስክሌት እየጠገነና እያከራየ የሚተዳደር። አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን መሆናቸው በወሎ ወግ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ የልጅቱ ሙሉ አጎት ማን ነው የሚለው ነበር። አንዱ ጫማ ሲገዛላት ሌላው ከዚያ የሚበልጥ ጫማ ይገዛል። ሉባባ ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ኖሯት ደብተር ያጣችበት ዓመት ነበር።

ወሎ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ አባጋር ይባላል። የጉም በር አባጋር ሙሄ ነበር። አባ ሙሄ ከተቀመጠበት ሸንጎ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። ድንበር ቢሆን መሐሉን ያሰምራል፤ ውኃ ቢሆን ጠዋት ለአንዱ ማታ ለሌላው ያደርጋል። «ግማሽ ሰላም ከሙሉ ፍርድ ይሻላል» ይል ነበር፤ በዚህም ብዙ ቤት ከጥፋት አድኗል። ሰው አመሰገነው፤ እሱም ምስጋናውን አመነ።

ሉባባ በእግር መመላለሱ ሲሰለቻት፣ ከደሴ አንዲት የተራራ ብስክሌት አመጣች። ጎማዋ ወፍራምና ጥርሳም፣ አካሏ ደኅና፤ ብዙ እጅ ስለዞረች ግን ፍሬኗ የፊቱም የኋላውም ሞቷል። እስከዚያ ድረስ ከተማ ውስጥ የምትነዳው የአራጋውን የኪራይ ብስክሌቶች ነበር፤ ፍሬናቸው በሽቦ ተስቦ ሁለት የጎማ ቁራጭ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚነክስበት፣ ሁለቱንም እጅ እኩል ጨምቀው የሚያቆሙት ዓይነት።

እንድሪስ የብስክሌቷን ወሬ ሲሰማ ሰው ልኮ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከነብረት ዲስኩ አስመጣላት፤ ለፊትም ለኋላም። አራጋው ይህን ሲሰማ ከሱቁ ያለውን ምርጥ የሽቦ ፍሬን መረጠላት፤ እሱም ለፊትም ለኋላም። ብስክሌቷ ሁለቱንም ዓይነት የምትቀበል ነበረች፤ ባትሆን ምንኛ በተሻለ። ሁለቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው ዕቃቸውን ታቅፈው በስንዱ ግቢ ተገናኙ።

«ይህን ቁልቁለት ተሳቢ ሙሉ ስሚንቶ ጭኜ ስወርድ ያቆመኝ ዘይት ነው» አለ እንድሪስ። «በአንድ ጣት ነካ ሲያደርጉት ቀጥ! የወንድሜን ልጅ በሽቦ ላይ አላንጠለጥላትም።»

«ዘይቱ የፈሰሰ ዕለትስ?» አለ አራጋው። «ሽቦ ቢበጠስ ከየሱቁ ይገኛል፤ ራሷም ትቀይረዋለች። ያንተን ዘይት ጢሻ መሐል ማን ይሞላላታል? የእህቴ ልጅ መኪና አይደለችም!»

ልብ በሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የእንድሪስ ፍሬን ከፊትም ከኋላም ቢገባ ጥሩ ፍሬን ነበር። የአራጋውም እንደዚያው። ነገር ግን ጭቅጭቁ ከፍሬን ወደ ጫማ፣ ከጫማ ወደ ውርስ፣ ከውርስ ወደ ይማም መቃብር ተሻገረ። አንዱ የሌላውን አንገትጌ ሲጨብጥ ጎረቤት ገባ፤ አባ ሙሄም ተጠራ።

ሙሄ ቁርበቱ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ስንዱ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር።

«የምትነዳው እሷ ናት» አለች። «ልጅቱን ብትጠይቋት ምን አለበት?»

«ስንዱ፣ ልጅቱን ከጠየቅናት ካንዱ አጎቷ እናጣላታለን» አለ ሙሄ፤ ቀልቡ ከወንዶቹ ላይ ነበር። «ይህን ሸክም በልጅ ትከሻ አንጭንም።» ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረ። «ለመሆኑ ብስክሌት ስንት እግር አላት?»

«ሁለት» አሉ።

«እናንተስ ስንት ናችሁ?»

ጎረቤቱ ሳቀ። እነሱም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«የፊቱ የእንድሪስ፣ የኋላው የአራጋው ይሁን።»

«እኔ ለምን ከኋላ?» አለ አራጋው።

«ከብት የሚነዳ ሰው በየት በኩል ይሄዳል? ከኋላ አይደለም? ጠባቂ ከኋላ ነው፤ ምን ትፈልጋለህ ከዚህ በላይ?»

አራጋው አንገቱን ደፋ፤ እንድሪስ ትከሻውን ሳመው። እያንዳንዱ የራሱን ግማሽ በገዛ እጁ አሰረ፤ የተረፈውን ግማሽ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሙሄ ዱዓ አድርጎ ሲወጣ፣ ሉባባ በሩ ላይ እጁን ስማ አመሰገነችው። በዚያ ምሽት እራቱ ጣመው።

ሁለቱ ቤቶች ከዚያ በኋላ ተቀራረቡ። ረመዳን ሲገባ አራጋው ለእንድሪስ ማፍጠሪያ ማር ይዞ ወጣ፤ ለፋሲካ እንድሪስ ከነቤተሰቡ ወርዶ ዋለ። ሙሄ ይህን ሲሰማ እንደ ራሱ ልጅ ሠርግ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን የሙሄ ላም ጡቷ አብጦ ሉባባ ልታክማት መጣች። መርፌውን ወግታ፣ እጇን ታጥባ፣ ለመሄድ ብስክሌቷን ከያዘች በኋላ ቆም አለች።

«አባ ሙሄ፣ አንድ ነገር ብነግርዎ አይቆጡኝም?»

«በማን ላይ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

«ፍሬኑ ነው። በግራ እጄ በአንድ ጣት ነካ ሳደርገው የፊቱ ቀጥ ይላል። በቀኝ እጄ የቻልኩትን ያህል ብጨምቅ የኋላው ይንሸራተታል፤ ጭቃ ከነካውማ ጭራሽ አይዝም። ተጠንቅቄ ስነዳ እችለዋለሁ። ስደነግጥ ግን ሁለቱንም እኩል እጨብጣለሁ፤ እጄ የለመደው እንደዚያ ነው።» መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። «አንዳንዴ ሁለቱ እጆቼ የሁለት ሰው እጆች ይመስሉኛል።»

«ትለምጂዋለሽ ልጄ።»

«አንዱን ላስነቅል አስቤ ነበር። የማንም ይሁን፤ ብቻ ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑልኝ። ግን ያንቱ እርቅ ነው፤ ያላንቱ ፈቃድ እንዴት ልንካው?»

ሙሄ ልጅቱ ትክክል መሆኗን አውቋል። የእንድሪስ ቢነቀል እንድሪስ ምን እንደሚል፣ የአራጋው ቢነቀል አራጋው እንዴት ተቀይሞ እንደሚሄድም አውቋል። ያ ሁሉ ማር፣ ያ ሁሉ መጠያየቅ ሲፈርስ ታየው።

«ዓረፋ እስኪያልፍ ታገሺኝ» አላት። «በዓሉን አብረው ይዋሉ። ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋግሬ መላ እፈልጋለሁ።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት የለመደች ልጅ ነበረች።

ዓረፋ አለፈ። ሙሄ አልረሳም፤ በኋላ ለራሱ እንኳ ማስተባበል ያቃተው ይህንኑ ነው። እንድሪስን መስጊድ በር ላይ ሲያገኘው ነገሩ አፉ ላይ ይደርሳል፤ እንድሪስ ስለ አራጋው ደግ ደጉን ሲያወራ ይውጠዋል። ዛሬ ይለፍ፣ ነገ እላለሁ እያለ ክረምቱ ገባ።

በክረምት ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ አፋፉን ይውጠዋል፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። አንድ ረፋድ ላይ ሙሄ ሾላ ሜዳ ያደረበትን ሽምግልና ጨርሶ በአቋራጩ ወደ ቤቱ ይወጣ ነበር። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ ጉሙ ከከዘራው ጫፍ በላይ አያሳይም። ከላይ የድንጋይ መንኳኳት ሰማ። ቀጥሎ ድምፅ።

«ዞር በሉ! መንገድ ላይ ያላችሁ ዞር በሉ!»

የሉባባ ድምፅ መሆኑን ለየ። ዞር ሊል ፈለገ፤ በስተግራው ገደል፣ በስተቀኙ ግድግዳ የመሰለ ቋጥኝ ነው፤ በየት እንደሚሻል ሲያመነታ ያረጁ እግሮቹ ባሉበት ቀሩ። ልጅቱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። አየችው። ዓይኗ ሲፈጥ፣ ሁለቱ እጆቿ እኩል ሲጨብጡ በዓይኑ በብረቱ ተመለከተ። የፊቱ ጎማ በምስማር እንደ ተመታ ቀጥ አለ። የኋላው ጭቃ እየረጨ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ከመሬት ተነሣ፣ ወደ ሰማይ ቆመ። ሉባባ በመሪው ላይ አልፋ፣ በሙሄ ጎን አልፋ፣ ከመንገዱ በታች ድንጋዩ ላይ ወደቀች።

ሙሄ እየተንፏቀቀ ወረደ። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ፊቷ ላይ አንድም ጭረት የለም፤ ያ ነው ተስፋ የሰጠው።

«አባ ሙሄ… አልመታሁዎትም?»

«አልመታሽኝም ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ተነሺ እስቲ፣ እጅሽን አምጪ።»

«እግሬን አልሰማውም።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «የከማል ላም ጥጃው ታንቆባታል። እኔን እየጠበቁ ነው። ሌላ ሰው ይድረስላት።»

ሙሄ ጮኸ። ከየመንደሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ቃሬዛ ተሠራ፤ ስልክ ተደወለ። እንድሪስ ከላይ እየሮጠ ወረደ፤ አራጋው ከታች እያለከለከ ወጣ፤ ስንዱም ነጠላዋ እንኳ በወጉ ሳይያዝ ደረሰች። ሁለቱ አጎቶች ሌላውን ሰው ገፍተው ቃሬዛውን ራሳቸው አነሡ፤ እንድሪስ ከፊት፣ አራጋው ከኋላ።

«ወደ ላይ!» አለ እንድሪስ። «ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው።»

«ወደ ታች!» አለ አራጋው። «ጤና ጣቢያው ምን አለውና? ሆስፒታሉ ታች ነው። ይህን አቀበት ስንንጣት ትሞትብናለች!»

«እስከ ታች ነፍሷ ትጠብቅሃለች?»

እዚህም ላይ ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ ሲስብ ሌላው ይይዛል፤ ቃሬዛው በመሐላቸው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ሉባባ ጥርሷን ነክሳ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው አየች።

«አባጋር!» አለ አንድ ሰው። «አንቱ ይበሉ እንጂ! ወዴት ትሂድ?»

ሁሉም ወደ ሙሄ ዞሩ። ላይ ቢላቸው ኖሮ ይወጡ ነበር። ታች ቢላቸውም ይወርዱ ነበር። እንድሪስን አየ፤ አራጋውን አየ። ዕድሜ ልኩን ሲናገር የኖረ ምላሱ ከእሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ወደ መኪናው መንገድ እናውጣት» አለ። «ከላይም ከታችም መኪና ይጠራ። ቀድሞ የደረሰው ይውሰዳት።»

ማንም አልተከራከረም። መኪና መንገዱ ዳር አሳርፈዋት ጠበቁ። እንድሪስ ከላይ ጠራ፤ አራጋው ከታች ጠራ። ጉሙ ሁለቱንም መኪናዎች እኩል አዘገያቸው። ስንዱ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ግንባሯን ከዝናቡ በመዳፏ ከለለች። ሉባባ አንድ ጊዜ «በረደኝ» አለች፤ ወንዶቹ ሁሉ ጋቢያቸውን አወለቁላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሁለቱ መኪናዎች ተከታትለው ሲደርሱ፣ ስንዱ ቀና ብላ አይታቸው፣ እንዲጭኗት አልፈቀደችም። የሚቸኮልበት ነገር አልቆ ነበር።

ሐዘኑ ሳይደርቅ ነገር ተነሣ። «የእሱ ዘይት ነው የገለበጣት» አለ አራጋው። «የእሱ ሽቦ ነው ያልያዘላት» አለ እንድሪስ። አራጋው ሾላ ሜዳ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ጠፋ፤ እንድሪስ ጠመንጃ ይዞ አቋራጩ ላይ ሲመላለስ ታየ። ከቀብሩ ያልተመለሰች ነፍስ ሌላ ነፍስ እንዳታስከትል ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባጋር ሳይኖር እርቅ አይሆንምና ሙሄን ከተኛበት አስነሥተው አመጡት።

ሙሄ እህል ከቀመሰ ቆይቷል። ምርቃቱን ጀምሮ መሐል ላይ ተወው።

«ልጅቱ ነግራኝ ነበር» አለ። «ቤቴ ድረስ መጥታ አንዱ ይነቀልልኝ ብላኝ ነበር። ታገሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ከነዚህ ከሁለቱ በፊት እኔን ዳኙኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው ትልቁ የሙሄን ጉልበት ቀስ ብሎ ያዘ።

«አባጋር፣ ይተዉ እንዲህ አይበሉ። የአላህ ውሳኔ ነው። አንቱ ከወደቁ ይህ አገር በማን ይታረቃል?» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ፍርዱን ተናገረ፤ ጥፋቱ እኩል ነው፣ ግማሹ የእንድሪስ፣ ግማሹ የአራጋው፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ በግ አርደው ይቅር ይባባሉ።

ሰው ሁሉ «ደግ ፍርድ፣ ደግ ፍርድ» አለ። ሙሄ አዳመጠ። አካሄዱ፣ ቃሉ፣ የድምፁ ልስላሴ ሳይቀር የገዛ ራሱ ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። እንድሪስና አራጋው እንዲሳሳሙ እየተጎተቱ ተነሡ፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ እንባቸው ግን አላገናኛቸውም፤ እስከ ዛሬም አላገናኛቸውም። ሙሄ ከዚያ ቀን ወዲያ ሸንጎ አልተቀመጠም። የተጣላ ሰው ደጁ ሲመጣ «ሌላ ፈልጉ» እያለ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ሲሞትም የሚተካው አባጋር ሳይመርቅ ሞተ።

በዚያ ቀን ግን ገና እርቁ ሳያልቅ ስንዱ ገባች። ሴት በዚያ ሸንጎ አትገባም፤ የሚያስወጣት ግን አልተገኘም። ከወንድሟና ከባሏ ወንድም መሐል ቆማ ሁለቱንም አየች፤ ከዚያ ሙሄን።

«በጋችሁን እረዱ» አለች። «እኔ ማንንም አልከስም። እንድሪስ ወዷት ነው፤ አራጋውም ወዷት ነው፤ አንቱም ሰላም ፈልገው ነው። ልጄን የገደላት ጠላት ቢሆን ኖሮ ስሙን እየጠራሁ አለቅስ ነበር። አሁን ማንን ልጥራ? ሁላችሁም ትወዷት ነበር።»

ሙሄ ምድር ምድሩን አየ።

«ፍረዱ ካላችሁኝ የማውቀው ይህን ብቻ ነው» አለች ስንዱ ወደ በሩ እየዞረች፤ «ፊተኛው ይዞ ኋለኛው ከለቀቀ፣ መሐል ያለው አለቀ።»